ንግግርሽን ከመጨረስሽ በፊት

ጻፊ፣ አታቋርጪ። ከኋላሽ ቆሜ እያነበብኩ ነው። ለማርች 8 በመሥሪያ ቤትሽ የምታደርጊው ንግግር አምሮልሻል፤ በተለይ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ስለሄዱት ልጆች የጻፍሽው ልብ ይነካል። እኔም ያንን ጊዜ አልረሳውም። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ፣ አሠሪዎች «ደመወዝ መክፈል አልቻልንም» እያሉ እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። አስፋልት ላይ ያደሩም ነበሩ። ከፋላ የሚሉት አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስረዋል፤ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ የእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ይህን ሁሉ በደንብ ጽፈሽዋል፤ አንድም ቃል አታውጪ።

ግን የኔ ቆንጆ፣ አሁን ወጥ ቤት ዕቃ የምታጥበው ልጅ መታወቂያዋ የት ነው ያለው? አንቺ መሳቢያ ውስጥ። «እንዳይጠፋባት ብዬ ነው» ትይኛለሽ። ቤሩት ያለችው ሴትዮም ብትጠየቅ መልሷ ይኸው ነው።

አትቆጪ፣ ስሚኝ። ክፉ እንዳልሆንሽ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ልጅቷን አትመቻትም፣ አትሰድቢያትም፣ በበዓል ልብስ ትገዢላታለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አለቃን ማክበር፣ ለጓደኛ መብት መሟገት ማንም አያቅተውም፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ያስከብራሉ። ስለ ሴት ልጅ ክብር የምታምኚው ነገር እውነት መሆኑ የሚታወቀው እምቢ ልትልሽ የማትችል ሴት ላይ ነው። በዚህ ቤት ያቺ ሴት እሷ ናት።

ትናንት እዚህ አድሬ ያየሁትን ልንገርሽ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ብገባ፣ ስፖንጅ ፍራሿን ከቡታጋዙ ሲሊንደር አጠገብ ዘርግታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ምነው አትተኚም?» ብላት «ጋሼ አልገቡም፤ በር እከፍታለሁ» አለችኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ልታዘጋጅ ስትነሣ ሰማኋት። ባለቤትሽ ቁልፍ የለውም እንዴ? አለው። ልጅቷ ስላለች ግን ከኪሱ ማውጣት አላስፈለገውም።

አንቺ የሰው ሀብት አስተዳደር ስለሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ አንድ ቀን ቢጓደል የምትከራከሪው አንቺ ነሽ። ይሁንና አዋጁ የቤት ሠራተኛን ከወሰኑ ውጪ አድርጓታል። የቀረላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም አብራው የምትኖር ሠራተኛ ያለው ሰው በመኝታዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ለጤናዋ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ልክ ነሽ፣ ሰዓቷን ሊቆጥር በርሽን የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ የለም። ነገሩ ወዳንቺ ኅሊና የመጣውም ለዚሁ ነው።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» እንዳትይኝ ብቻ። ልጅሽ ብትሆን ሁሉም በልቶ ከተነሣ በኋላ ነበር የምትበላው? ብርጭቆዋ ለብቻ ይቀመጥ ነበር? እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለቁርስ መመለሷስ ዕረፍት ይባልላት ነበር?

ደላላው ሲያመጣት «የማታ ትማሪያለሽ» ያልሻት እኔ ቆሜ እየሰማሁ ነው። ልጅቷ የመጣችው ያንን ቃል ይዛ ነው። ከዚያ «ልጆቹ ፈተና ይጨርሱ» ሆነ፤ ከዚያ «ፋሲካ ይለፍ»። ለነገሩ ችግሩ ይገባኛል፤ የማታ ትምህርት የሚጀመረው ልክ እራት በሚጣድበት ሰዓት ነው። እና ማን ይጣደው? ባለቤትሽና ሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ እጅ አላቸው። ንግግርሽ ላይ የቤት ሥራ የሴት ብቻ መሆን የለበትም ብለሻል፤ እዚህ ቤት ግን የወንዶቹን ድርሻ ከአንቺ ትከሻ አውርደሽ የጫንሽው እሷ ላይ ነው። እነሱ ዛሬም ሶፋው ላይ ናቸው። እኔ እንደማስበው ከባዱ ነገር ደመወዝ መጨመሩ አይደለም፤ ባለቤትሽን «ከማክሰኞ እስከ ዓርብ እራት የአንተ ነው» ማለቱ ነው። ይኼ ጭቅጭቅ ያመጣል፣ ጥቂት ሳምንት ወጥ ያርራል። ይረር። ለእምነትሽ የምትከፍይው ዋጋ እሱ ነው፤ ምንም የማያስከፍል እምነት መድረክ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

የቀረው ቀላል ነው። መታወቂያዋን ዛሬውኑ መልሺላት። በስሟ የባንክ ደብተር ታውጣ፣ ደመወዟ ቀኑን ጠብቆ ይግባላት፤ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚባል ነገር ይቅር። ከቅዳሜ ማታ እስከ እሁድ ማታ የራሷ ጊዜ ይሁን፣ የት እንደምትሄድም አትጠይቂያት። ዕቃ ቤቱን አጽድታችሁ አልጋ አስገቡበት፤ አሮጌ ሻንጣ ከሚተኛበት ሰው ይተኛበት። መስከረም ሲገባ አብረሻት ሄደሽ አስመዝግቢያት፣ ደብተሯን አንቺ ግዢላት። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ደግሞ ለማንም አታውሪ፤ ለእሷ የተገባትን ሰጥተሽ ምስጋና አትሰብስቢበት።

አውቃለሁ፣ አንድ የምትፈሪው ነገር አለ፦ ፊደል ከቆጠረች፣ ዓይኗ ከተከፈተ ትሄዳለች። አዎ፣ ልትሄድ ትችላለች። የማታውን ጨርሳ የተሻለ ሥራ ካገኘች ደስ ብሎሽ ሸኚያት፣ ጥሩ የሥራ ልምድ ጻፊላት፣ የምትቀጥሪያትንም ቀጣይ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚሁ ደንብ ተቀበያት።