ማርያም የተባሉ የወንጌል ሴቶች



መግደላዊት ማርያም ማን እንደ ነበረች ሲጠየቁ ብዙዎች፥ «አመንዝራ የነበረች፥ በኋላም ንስሐ የገባች ሴት ናት» ብለው ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ከአራቱ ወንጌላት አንዱም ስለ እርስዋ እንዲህ አይልም። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣና መታረም ለምን እንደሚገባው ከዚህ በታች እንመለከታለን።

1. አንድ ስም፥ ብዙ ሰዎች

በጌታችን ዘመን ማርያም የሚለው ስም በአይሁድ ሴቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነበር። አዲስ ኪዳን ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሌላ መግደላዊትን፥ የማርታን እኅት፥ የቀለዮጳን ሚስት፥ የያዕቆብና የዮሳን እናት፥ እንዲሁም ማርቆስ የተባለውን የዮሐንስን እናት በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ አንዷን ከሌላዋ በአገሯ፥ በባሏ፥ በልጇ ወይም በእኅቷ ይለያሉ። እኛም ሁለት ገብረ ማርያሞችን በአባታቸው ስም እንለያለን።

2. ሊለዩ የሚገባቸው ሦስት ሴቶች

መግደላዊት ማርያም በገሊላ ባሕር አጠገብ ከነበረችው ከመግደላ የመጣች ናት። ጌታ ሰባት አጋንንት አወጣላት (ሉቃ. 8፥2)፤ በመስቀሉ አጠገብ ቆመች፤ ትንሣኤውንም ለደቀ መዛሙርቱ አበሠረች (ዮሐ. 20፥18)።

የቢታንያዋ ማርያም የማርታና የአልዓዛር እኅት ናት። ከፋሲካ ስድስት ቀን አስቀድሞ የጌታን እግር ሽቱ የቀባች እርስዋ ናት (ዮሐ. 12፥1-3)።

ሦስተኛይቱ በፈሪሳዊው ስምዖን ቤት የጌታን እግር በእንባዋ ያራሰችው ኃጢአተኛ ሴት ናት (ሉቃ. 7፥36-50)። ወንጌላዊው ስሟን አልነገረንም።

3. መደባለቁ ከየት መጣ?

ቅዱስ ሉቃስ የኃጢአተኛይቱን ታሪክ እንደ ፈጸመ ወዲያው መግደላዊትን ያነሣል። በሁለቱም የሽቱ ታሪኮች ጌታ በማዕድ ሳለ እግሩ ይቀባል። በቢታንያ የሆነውን ማቴዎስና ማርቆስ በለምጻሙ ስምዖን ቤት ስለሚያደርጉት፥ የሁለቱ ስምዖኖች ስም መመሳሰል ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው። ታላቁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ591 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሰጡት ስብከት ሦስቱን እንደ አንዲት ሴት ቆጠሩ፤ ሰባቱንም አጋንንት በኃጢአት ተረጐሙ። ዓላማቸው ኃጢአተኞችን ወደ ንስሐ መጥራት ነበር። ከዚያ በኋላ የምዕራብ ሰባክያንና ሠዓሊዎች መግደላዊትን በዚሁ መልክ አሳዩአት። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን በአብዛኛው ለያይተው ያስቡአቸዋል።

4. የቤተ ክርስቲያን እርማት

በ1969 (እ.ኤ.አ.) የላቲን ሥርዓት የበዓላት አቆጣጠር ሲታደስ፥ የሐምሌ 15 መታሰቢያ ትንሣኤውን መጀመሪያ ያየችው የመግደላዊት ብቻ መሆኑ ተገለጠ። በ2016 መታሰቢያዋ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ፈቃድ ወደ በዓል ማዕረግ ከፍ አለ። በ2021 ደግሞ ማርታ፥ ማርያምና አልዓዛር በአንድነት ሐምሌ 22 ቀን እንዲታሰቡ ተወሰነ።

5. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

አጋንንት ያደሩበት ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ነበር ማለት አይደለም፤ በወንጌል እንዲህ ያለው ሰው ከሥቃይ የሚፈወስ ሕመምተኛ ነው። መግደላዊትን ባልተጻፈ ኃጢአት ስናስታውሳት የተጻፈላትን ታላቅ ምስክርነት እንሸፍናለን። የኃጢአተኛይቱንም ስም ወንጌላዊው ሸሽጎ ሳለ እኛ ስም ብናወጣላት የተሰወረውን መግለጥ ይሆንብናል። ስምንተኛው ትእዛዝ የሰውን መልካም ስም እንድንጠብቅ ያዘናል፤ ይህም በሕይወት ላሉት ብቻ የተሰጠ አይደለም። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ስለ ንስሐ ስታስተምሩ የሉቃስን 7ኛ ምዕራፍ ስም ሳትጨምሩ አንብቡ፤ ስለ ትንሣኤ ስታስተምሩ መግደላዊትን በስሟ ጥሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ሉቃ. 7፥36-50ን ከዮሐ. 12፥1-8 ጋር አስተያዩ። ቦታው፥ ጊዜውና የሴቲቱ ማንነት በምን ይለያያል?
ለ. በሰበካችን በስም መመሳሰል ወይም በወሬ ብቻ ስሙ የጐደፈ ሰው ቢኖር ምን ልናደርግለት ይገባናል?