ማክሰኞን ለካምፓስ ተዪው

የትምህርት ፕሮግራምሽን እስቲ አሳዪኝ። ማክሰኞ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሦስት ሰዓት ባዶ አለሽ፤ አንቺ ደግሞ «ቤት» ብለሽ ጽፈሽበታል። እሱን ሰርዢው፣ የኔ እናት። ሌላውን እንዳሻሽ አድርጊ፤ በዚህ በአንዱ ግን እሺ በይኝ።

ሳሚ ሻሙን ኮሌጅ፣ የአሽዶዱ ካምፓስ ስትገቢ ቤቱ ሁሉ የተደሰተው ግማሹ ለምህንድስናው፣ ግማሹ ለቅርበቱ ነው። የቤት ኪራይ የለ፣ ቤር ሼቫ ድረስ መመላለስ የለ፣ ማታ እማ እንጀራ አቅርባ ትጠብቅሻለች። እኔ ግን ይኸው ቅርበት ያሰጋኛል። ከሩቅ መጥተው ክፍል የተከራዩት ልጆች ማታ የሚገቡበት ቤተሰብ ስለሌላቸው ወደዱም ጠሉም ይተዋወቃሉ፤ አብረው ያበስላሉ፣ ለፈተና አብረው ያመሻሉ። እዚሁ አሽዶድ ያደገ ልጅ ክፍሉ እንዳለቀ አውቶቡስ ላይ ነው። አራቱ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥያ ሆኖበት ያልቃል፤ ዲግሪ ይዞ ይወጣል፣ ሰው ግን አላፈራም። በሀይቴክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚገኘው ውስጥ ያለ ጓደኛ ስምሽን ለአለቃው ሲያቀብልልሽ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጠው ልጅ አጎቱ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በሠራዊቱ የኮምፒውተር ክፍል አብሮት ያገለገለ ሰው ይኖረዋል። የኛ አባ እዚህ አገር ሲሠራ ኖሮ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ከሚያውቃቸው ውስጥ ግን ለመሐንዲስ ሥራ የሚደውልልሽ የለም። እነዚያን ሰዎች ማግኘት ያለብሽ አንቺው ራስሽ ነሽ፤ የሚገኙትም ከክፍል ውጪ ባለው ሰዓት ነው።

ዓይን አፋር መሆንሽን አውቃለሁ። ስለዚህ ፓርቲ ሂጂ አልልሽም፤ ከጥናቱ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍላችሁ ዋትስአፕ ግሩፕ ይከፈታል። ሌላው የጻፈውን እያነበብሽ ብቻ አትቀመጪ። «ማክሰኞ በባዶው ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የሂሳቡን መልመጃ እሠራለሁ፣ ማን ይመጣል?» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ሰው ከመጣ በቂ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱ ሌላ ሰው ይዘው ይመጣሉ። መልመጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወሬ አይጠፋም፤ ቢጠፋም ማንም አይከፋውም። ያልገባችሁን ይዛችሁ ደግሞ መምህሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት አብራችሁ ሂዱ። ብቻሽን ማንኳኳት ከከበደሽ ሦስት ሆኖ ማንኳኳት ይቀላል።

ከክፍልሽ ሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ የሚጠሩ ይኖራሉ። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ስንቱ ተማሪ መጽሐፉን አስቀምጦ እንደሄደ አይተሻል፤ የዚያ ዓመት ትምህርት ራሱ በብዙ ቦታ ተራዝሞ ተራዝሞ ዲሴምበር 31 ቀን ነው የተከፈተው። በ2007 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ ሚሉኢም የሄደ ተማሪ ያመለጠውን የሚያካክስበት መንገድ እንዲመቻችለት ያዛል። ነገር ግን ያመለጠውን ትምህርት አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። አንቺ በንጹሕ ትጽፊያለሽ። ሲመለሱ ሳይጠይቁሽ ላኪላቸው፣ ማክሰኞ ላይም አስረጃቸው። እንዲህ ያለውን ውለታ ሰው አይረሳም፤ አንቺም የምታስረጂውን ነገር ለፈተና እንደገና ማጥናት አያስፈልግሽም።

ፔራሕንም ጠይቂ። በ1974 ረሖቮት በዋይዝማን ተቋም የተጀመረ የአስጠኚ ተማሪዎች ፕሮግራም ነው፤ አንድ ተማሪ አንድ ልጅ ይይዛል፣ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ያስጠናዋል፣ አብሮት ይጫወታል፣ በምላሹም ለትምህርት ክፍያው የሚሆን ሚልጋ ያገኛል። ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ ቢደርስሽ ደግሞ ሌላው ተማሪ የማይችለውን ትችያለሽ፤ ከእናቲቱ ጋር ቡና ጠጥተሽ፣ መምህሩ የጻፈውን ደብዳቤ አንብበሽላት፣ ልጇ በምን እንደሚደክም በቋንቋዋ ትነግሪያታለሽ። ምዝገባው በዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ቶሎ ግቢ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከከበደሽ ግን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጀመረ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ሁሉንም ሲተው አይቻለሁ።

በዓላችን ስግድ ቶሎ ይመጣል፤ ከአስተሰርዮ በ50ኛው ቀን ስለሆነ ትምህርቱ ገና እንደተጀመረ ነው። ከ2008 ወዲህ በሕግ የመንግሥት በዓል ስለሆነ በየካምፓሱ አንድ ነገር ይዘጋጃል፣ የሚያዘጋጁትም ብዙውን ጊዜ የኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች ናቸው። እነሱን ፈልጊ። ከአንቺ በፊት የገቡት የትኛው መምህር እንደሚታገሥ፣ ሚልጋ የት እንደሚጠየቅ፣ ለኛ ልጆች ተብሎ የተመደበ የማስጠናት ሰዓት እንዳለ ያውቃሉ፤ አንቺ ብቻሽን ዓመት የሚፈጅብሽን በአንድ ምሽት ይነግሩሻል። ቄስ ጋብዙ፣ ስለ ኦሪቱ፣ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ በትክክል ይነገር፤ ዳቦና ጭፈራ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በዓመት አንድ ቀን፣ ቀሚስ ለብሰሽ ዳቦ ለመቁረስ ብቻ የምትፈለጊ አትሁኚ። ስግድን በደንብ ያዘጋጀች ልጅ የተማሪዎች ቀንንም፣ የሮቦት ውድድርንም ማዘጋጀት ትችላለች። ሲጠሩሽ ለስግድ እሺ በይ፣ ለሌላውም ስምሽን አስመዝግቢ።

ይህን ካልሽ ወደ አጉዳው፣ ወደ ተማሪዎች ማኅበሩ፣ ትደርሻለሽ። እያንዳንዱ ክፍል ተወካይ ይመርጣል፤ ፈተና ሲደራረብ፣ ውጤት ሲዘገይ ከአስተዳደሩ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወዳደር ሰው ስለሚጠፋ እጁን ያወጣ ይመረጣል። እጅሽን አውጪ። ፕኒና ታማኖ-ሻታ በ2013 ክኔሴት የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሴት ናት፣ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆናለች፤ በሕግ ተማሪነቷ ዘመን ግን በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ነበር የምትደክመው። ስብሰባ መምራትን፣ ደብዳቤ መጻፍን፣ እምቢ ያለሽን ባለሥልጣን እንደገና ሄዶ ማናገርን ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምርሽም።

አባ ግን «የተማሪዎች ማኅበር» ሲባል ፊቱ ይጠቁራል፤ አትናደጂበት። ባደገበት አገር ተማሪዎች በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ከዚያ ደርግ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ፣ ጎንደር ላይ የደርጉ ሹም መላኩ ተፈራ የወጣቱን ደም አፈሰሰ። ማኅበር የገባ ልጅ ማታ ቤቱ ሳይመለስ የቀረበትን ዘመን አባ ልጅ ሆኖ ሰምቶታል። «ፖለቲካ ነው?» ቢልሽ «አይ አባ፣ የፈተና ቀን ማስለወጥ ነው» በዪው፤ ከቻልሽ አንድ ቀን ካምፓስ ይዘሽው ሂጂ፣ ቢሮውን አሳዪው፣ ልጆቹን አስተዋውቂው። ዝም ብለሽ ከተደበቅሽው ያመሸሽበትን ማታ ሁሉ በዚያ ፍርሃት ይተረጉመዋል።

የቤቱን ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ተዪው። ሠራዊት ከወጣሽ ወዲህ የቢቱዋሕ ሌኡሚን ደብዳቤ የምታነቢው፣ እማን ኩፓት ሆሊም የምትወስጂው፣ ባንክ የምትደውዪው አንቺ ነሽ። ካምፓሱ ቅርብ ነው ብለው በማክሰኞው ባዶ ሰዓት ይጠሩሻል፤ አንቺም እምቢ ማለት አትችዪም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የማክሰኞ ስልክ ለእኔ ነው የሚደወለው፤ ለእማ ነግሬያታለሁ። የደም ግፊት ቀጠሮዋን ወደ ረቡዕ አስቀይሬያለሁ፣ እኔ እወስዳታለሁ። ደብዳቤ ከመጣ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ወንድማችንም ዕብራይስጥ ያነባል፤ ሐሙስ ሐሙስ የሱ ተራ ነው፣ እሺ ብሏል። አሁን ያን ስልክሽን አንሺና ለግሩፑ ጻፊላቸው።