የሲቪልና የጦር አይሮፕላን ጠጋኞች የሙያ ፈቃድ

ከውጭ አገር መለዋወጫ በአይሮፕላን አስመጥቶ ከቦሌ ወደ ወላይታ ሶዶ በካሚዮን የሚያስጭን ነጋዴ የጭነት ሰነዱንና የኢንሹራንስ ውሉን አጥብቆ ይመረምራል። ነገር ግን እርሱ የማያየው ሌላ ወረቀት አለ፤ ይኸውም አይሮፕላኑ በተጠገነ ጊዜ ለበረራ ብቁ መሆኑ በፊርማ የሚረጋገጥበት ነው። የዕቃው ደኅንነት በዚህ ፊርማ ላይ ስለሚያርፍ፥ ፈራሚው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ 47 አይሮፕላን ነበር። ይህ አይሮፕላን ለጦር ሠራዊት ማመላለሻ የተሠራና ከጦርነቱ የተረፈ ነው። መንገደኛና የንግድ ዕቃ መጫን ሲጀምር ሞተሩም ክንፉም ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚገዛው ሕግ ነው።

በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት፥ በሦስተኛው አንቀጹ፥ የሚሠራው ለሲቪል አይሮፕላን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ የጦር፥ የጉምሩክና የፖሊስ አይሮፕላኖች የመንግሥት ተብለው ከዚህ ውጭ ናቸው። የስምምነቱ አንደኛ አባሪ፥ የሲቪል ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት እንዳያንስ፥ ፈተና እንዲያልፍ፥ የ4 ዓመትም የሥራ ልምድ እንዲኖረው ያዛል። በታወቀ ትምህርት ቤት ሥልጠናውን ለፈጸመ ግን 2 ዓመት ይበቃል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ባለፈቃዱ እየተቆጣጠረው መፍቻ ሊይዝ ይችላል፤ መፈረም ግን አይችልም።

በጦሩ በኩል የሠራተኛውን ብቃት የሚመዝነው ራሱ አየር ኃይሉ ነው። ስለዚህ በቢሾፍቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል የኖረ ባለሙያ፥ እጁ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፥ በወታደርነት ማስረጃው ብቻ የመንገደኛ አይሮፕላን ሊያስነሣ አይችልም። ይህ ለባለሙያው የሚከብድ ቢመስልም አግባብ ነው፤ የጦር ጀት የሚያውቅ ሰው ትልቁን የመንገደኛ አይሮፕላን ያውቃል ማለት አይደለምና።

ቢሆንም ድካሙ ከንቱ አይቀርም። በአሜሪካ ሕግ፥ በጦር ሠራዊት ውስጥ የተገኘ ልምድ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ይቈጠራል፤ በአካሉም በሞተሩም ፈቃድ ለማግኘት የ30 ወር ልምድ ያለው ሰው ለፈተና ይቀርባል። ደረሰኝ የሌለውን ዕቃ እንደማያስመዘግብ ነጋዴ፥ ማስረጃ ያልያዘ ባለሙያም ዓመታቱን ለማስቈጠር ይቸገራል። ልጁ ከአየር ኃይል የሚሰናበት ሶዶዬ አባት ቢኖር፥ ልጁ በየትኛው ዓይነት አይሮፕላን፥ በምን ሥራ፥ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደ ሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ በአለቃው ፊርማ ይዞ እንዲወጣ ይምከረው።