አንድ የውድድር መኪና ስንት ሰው ያሠራል?



የዛሬው ትምህርታችን «ጼቬት» በሚለው የዕብራይስጥ ቃል ላይ ነው። ጼቬት ማለት አንድ ሥራ ለመሥራት የተሰባሰቡ ሰዎች ማለት ነው። የሐኪም ቤት ጼቬት አለ፣ የትምህርት ቤት ጼቬት አለ፣ የጋራዥም ጼቬት አለ። እኔ ቃሉን በመኪና ውድድር ላስረዳችሁ መረጥሁ። ለምን ቢሉ፣ የሰው ብዛትና የሥራ ክፍፍል እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞም ብዙዎቻችን ከኡልፓን ስንወጣ እዚሁ ሰጉላ ካሉት ጋራዦች ሥራ ለመጠየቅ እያሰብን ነው። «ትልቅ ሙሳኽ ይሻላል ወይስ ትንሽ?» እያልን ማታ ማታ እንከራከራለን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክርክር ይጠቅማል ብዬ ነው የጻፍሁት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደቦና የቀጥቃጭ ቤት

መጀመሪያ ከምናውቀው እንነሣ። በአገራችን አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ሠላሳ ሰው ይመጣል፣ ሠላሳውም ያጭዳል። ሁሉም የሚሠራው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ሁለት ሰው ቢቀር አጨዳው ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቆምም።

የቀጥቃጭ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ወናፍ ይነፋል። አንዱ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በትንሹ መዶሻ ያመለክታል። አንዱ በትልቁ መዶሻ ይመታል። ሦስት ሰው ብቻ ነው፣ ግን ወናፍ የሚነፋው ልጅ ከቀረ ብረቱ አይግልም። ብረቱ ካልጋለ ባለ መዶሻው ጉልበታም ቢሆን ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ጼቬት ማለት እንደ ቀጥቃጭ ቤት ነው እንጂ እንደ ደቦ አይደለም። የሰውን ቁጥር ብቻ ብንቆጥር አይገባንም። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብን። ይህን በዕብራይስጥ «ታፍኪድ» ይሉታል፣ የሥራ ድርሻ ማለት ነው።

ሁለት ሰው

ትንሹ ጼቬት በራሊ ውድድር መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ነው። ራሊ የሚባለው ብዙ ጊዜ በአቧራና በጭቃ መንገድ የሚደረግ ውድድር ነው። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሁለተኛው መንገዱን ከወረቀት እያነበበ «ቀኝ፣ ግራ፣ ጉድጓድ» ይላል። በርግጥ ከኋላቸው መካኒኮች አሏቸው፣ ነገር ግን መካኒኮቹ የሚጠብቁት በተወሰነ የጥገና ቦታ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ በደንቡ መሠረት መጠገን የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሹፌሩም መካኒክ፣ አንባቢውም ጎሚስታ ይሆናል ማለት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ላይ የሚደረገው የሳፋሪ ራሊ በ1953 የተጀመረ ነው። በ1965 ያሸነፉት ጆጊንደር ሲንግና ጃስዋንት ሲንግ የሚባሉ ኬንያውያን ወንድማማቾች ናቸው፣ በቮልቮ መኪና። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መኪና! ይህ የቤተሰብ ቀጥቃጭ ቤት ማለት አይደል? ውድድሩ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመልሷል።

አምስት ሰው

አሜሪካ ውስጥ ናስካር የሚባል ውድድር አለ። መኪናው ነዳጅና ጎማ ሲፈልግ ወደ ጎን ይወጣል። ከ2018 ጀምሮ በደንቡ መሠረት ግንቡን ዘልለው የሚሠሩት ሰዎች አምስት ብቻ ናቸው። አንዱ ክሪክ ይዞ መኪናውን ያነሣል። ሁለቱ ጎማ ይፈታሉ፣ ያስራሉ። አንዱ ጎማ ይሸከማል። አንዱ ነዳጅ ይቀዳል። አራቱን ጎማ ለመቀየር ወደ 10 ሴኮንድ ይበቃቸዋል። ክሪኩ በሰው እጅ ስለሆነ ባለ ክሪኩ መኪናውን በአንድ በኩል አንሥቶ ወደ ሌላው በኩል ይሮጣል። አምስት ስለሆኑ አንዱ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ይደርባል።

ሃያ ሰው

ፎርሙላ ዋን የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ውዱ ነው። እዚያ ጎማ ለመቀየር ወደ 20 ሰው ይሰለፋል። ለአንድ ጎማ ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ በአየር በሚሠራ መፍቻ ዳዶውን ይፈታል፣ ያስራል፣ አንዱ አሮጌውን ጎማ ያወጣል፣ አንዱ አዲሱን ያስገባል። ሦስት በአራት አሥራ ሁለት ሆነ። አንድ ክሪክ ከፊት፣ አንድ ክሪክ ከኋላ፣ ሁለት ሰው መኪናው እንዳይወዛወዝ ከጎን የሚይዝ፣ የቀሩት ደግሞ ለተጠባባቂነትና ፊት ለፊት ያለውን ክንፍ ለማስተካከል ናቸው። ነዳጅ መቅዳት ከ2010 ጀምሮ ስለተከለከለ ነዳጅ የሚቀዳ የለም።

በ2023 ካታር ላይ የማክላረን ጼቬት አራት ጎማ በ1.80 ሴኮንድ ቀይሯል። ዓይናችሁን ሁለቴ ሳታርገበግቡ አለቀ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ፍጥነቱ የመጣው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ስለያዘና እሱኑ ደጋግሞ ስለተለማመደ ነው።

የማይታየው ሰው

እነዚህ ሃያዎቹ በቴሌቪዥን የምናያቸው ናቸው። መኪናዎቹን ለማሠራት ወደ ውድድሩ ቦታ እንዲመጣ የሚፈቀደው ሰው ለአንድ ጼቬት በደንብ የተወሰነ ነው፣ 60 ገደማ። ትልቁ ሕዝብ ግን ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። መርሴዲስን የመሰለ ትልቅ ጼቬት እንግሊዝ አገር ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ያሠራል። ለስንት መኪና? ለሁለት መኪና! ከነዚህ ውስጥ መሃንዲስ አለ፣ ብረት ቆራጭ አለ፣ ሒሳብ ያዥ አለ፣ ምግብ አብሳይም አለ።

ትንሹ ጼቬት ሃስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ነው። በ2016 ሲጀምር ሞተሩንና ደንቡ የሚፈቅድለትን ዕቃ ሁሉ ከፌራሪ ገዛ፣ የመኪናውን አካል ደግሞ ዳላራ የሚባል የጣሊያን ፋብሪካ ሠራለት። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይቀጥር መወዳደር ቻለ። ይህም አንድ ብልሃት ነው፤ ሁሉን ራሴ ልሥራ ካላልህ ቤትህ በትንሽ ሰው ይቆማል።

ሀብታሞቹ ድሆቹን እንዳይውጧቸው ከ2021 ጀምሮ የወጪ ጣሪያ ተደርጓል። በመጀመሪያው ዓመት 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሹፌሮቹና የሦስቱ ትልልቅ ሹማምንት ደመወዝ ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የመካኒኩ ደመወዝ ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር የሚታሰበው ማን ላይ እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ትንሽ ቤት ያስተምራል

ጣሊያን አገር ሚናርዲ የሚባል ትንሽ ጼቬት ነበር። ከ1985 እስከ 2005 ድረስ በፎርሙላ ዋን ተወዳደረ፣ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ይሁንና እስፔናዊው ፈርናንዶ አሎንሶ በ2001 ፎርሙላ ዋን የጀመረው እዚያ ነው። በኋላ በ2005ና በ2006 ከሌላ ጼቬት ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የኛው አገር ሰው ሐኖኽ ኒሳኒም በ2005 ሃንጋሪ ላይ በዓርብ ልምምድ የነዳው የሚናርዲን መኪና ነው። ልጁ ሮይ ኒሳኒ ደግሞ በ2020 ለዊሊያምስ በዓርብ ልምምድ ነድቷል። ትልቁ ቤት በር ሲዘጋ ትንሹ ቤት «ግባ» ይላል።

ትልቅ ቤት መግባትም ዋስትና አይደለም። የሆንዳ ጼቬት ወደ 700 ሰው ነበረው። በ2008 መጨረሻ ሆንዳ ውድድሩን ተወው። ሮስ ብራውን የሚባለው ኃላፊ ጼቬቱን በራሱ ስም ይዞ ቀጠለ፣ ግን ወደ 270 ሰዎች ከሥራ እንደሚወጡ ተነገረ። በዚያው በ2009 ያ የተቀነሰ ጼቬት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ! ይህን የሰማ ሰው «በትንሽ ሰውም ይቻላል» ይላል። እውነት ነው፣ ይቻላል። ነገር ግን ያችን መኪና ለመሥራት አብዛኛው ድካም የተደከመው በ2008 ነው፣ ሰዎቹ ሁሉ እያሉ። ዋንጫው ሲነሣ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ እቤታቸው ነበሩ። ቁጥር ስናነጻጽር ይህንን አንርሳ።

አንዲት ዳዶ

ሌላም ልጨምር። በ2021 ሞናኮ ላይ የመርሴዲሱ ሹፌር ቫልቴሪ ቦታስ ጎማ ሊቀይር ገባ። የፊት ቀኝ ጎማው ዳዶ ተላላጠና እምቢ አለ። ውድድሩ በዚያው ቀረ። ጎማው የወጣው ፋብሪካ ከተመለሰ በኋላ፣ ሁለት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ያ ሁሉ ሺህ ሰው፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር በአንዲት ዳዶ ቆመ። ስለዚህ ጎማ የሚፈታው ሰው ሥራ ትንሽ ነው የሚል ካለ ይህንን ንገሩት።

ወደ ሰጉላ እንመለስ

ሰጉላ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው፣ ትልቅም ትንሽም ሙሳኽ አለው። ከላይ ያየነው ለኛ ምን ይጠቅማል?

ትልቅ ሙሳኽ እንደ ፎርሙላ ዋን ነው። ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንድ ሥራ ትይዛለህ፣ በሱ ትፈጥናለህ። ቋንቋው ገና ላልገባን ሰዎች ይህ ጥሩ ነው፣ መማር ያለብን ቃል ጥቂት ስለሆነ። ጉዳቱ ደግሞ አምስት ዓመት ዘይት ብቻ ስትቀይር ልትኖር ትችላለህ።

ትንሽ ሙሳኽ እንደ ራሊ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ሁሉን ይሠራል፤ ሞተሩንም፣ ፍሬኑንም፣ ከባለ መኪናው ጋር መነጋገሩንም። ሙያው ቶሎ ይገባል። ጉዳቱ አንድ ሰው ሲታመም ሸክሙ ሁሉ ባንተ ላይ ይወድቃል፣ ገበያ ሲጠፋም የሚቀነሰው ሰው ሩቅ አይደለም።

እኔ እንደሚገባኝ እንደኛ በዕድሜ ገፋ ብሎ ለሚጀምር ሰው ጥያቄው «ስንት ሰው አላችሁ?» አይደለም። ሥራ ስንጠይቅ መናሄል አቮዳውን እነዚህን ሦስቱን እንጠይቀው፦

«ማ ሃታፍኪድ ሼሊ?» የኔ የሥራ ድርሻ ምንድን ነው?
«ኢም ሚ አኒ ኦቬድ?» ከማን ጋር ነው የምሠራ? (ሴት ከሆነች «ኦቬዴት» ትላለች።)
«ሚ መላሜድ ኦቲ?» ማን ያስተምረኛል?

ለሦስቱም መልስ ካገኘን ሙሳኹ ትልቅም ቢሆን ትንሽም ቢሆን ጼቬት አለው ማለት ነው። መልስ ከሌለ ግን ሃምሳ ሰው ቢኖርም ደቦ ነው።

የዛሬ ቃላት

ጼቬት፦ አብሮ የሚሠራ ቡድን
ታፍኪድ፦ የሥራ ድርሻ
ሙሳኽ፦ ጋራዥ
መኾናይ፦ መካኒክ
ፓኻኽ፦ ባትላሜራ
ፓንቸሪያ፦ ጎሚስታ ቤት
ጋልጋል፦ ጎማ
መናሄል አቮዳ፦ የሥራ ኃላፊ

መልመጃ

1. በናስካር ጎማና ነዳጅ የሚያቀርቡት ስንት ሰዎች ናቸው? የእያንዳንዱን ታፍኪድ ተናገሩ።
2. ፎርሙላ ዋን ላይ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ለምን የለም?
3. ቀድሞ በአገራችሁ ከሠራችሁት ሥራ የትኛው እንደ ደቦ፣ የትኛው እንደ ቀጥቃጭ ቤት ነበር? በዕብራይስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለሞራችን አሳዩ።

መልካም ትምህርት፣ መልካም ሥራ ለሁላችንም ይሁንልን።