ሀርጌሳ ላይ አልትራሳውንድ ለምትነሺ እህት

ሀርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ከምንኖር ሐበሾች መካከል የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚሁ የሚያረግዙ ብዙ ናቸው። እናት አጠገብ የለችም፣ ሶማልኛውም ገና አልተለመደም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እርግዝናሽ በሽንት ምርመራ ከተረጋገጠ ሦስት ወር ሳይሞላሽ አልትራሳውንድ ተነሺ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2016 ባወጣው ምክር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ መነሳት እንደሚገባ ይናገራል። አቅምሽ ለሁለት ከፈቀደ ግን አንዱን ቶሎ፣ ሌላውን ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንት አድርጊው። የሕፃኑ አካል በደንብ የሚታየው በሁለተኛው ነው።

ቦታ አታጪም። ሀርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል አለ፤ አዋላጇ ኤድና አደን በፈረንጅ 2002 የከፈቱት የወሊድ ሆስፒታልም አለ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አትሂጂ፤ ለክፍያ ዛድሽ (የስልክ ገንዘብሽ) ላይ ገንዘብ ይኑር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ካርድ ሲወጣልሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ነው። የመውለጃ ቀንሽ የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። እኛ ደግሞ ቀን የምንይዘው በበዓል ነው፤ «የጥቅምት ሚካኤል ዕለት» እንላለን። አስተርጓሚሽ ጥቅምትን ኦክቶበር ብላ ኦክቶበር 12 ታስጽፋለች። የጥቅምት ሚካኤል፣ ማለትም ጥቅምት 12፣ ግን በፈረንጅ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 22 ነው። እርግዝናሽ ወረቀት ላይ በ10 ቀን አረጀ ማለት ነው። 12/2 ብለሽ በቁጥር ከጻፍሽማ ፌብሩዋሪ ሆኖ ይነበባል።

10 ቀን ምን ያደርጋል አትበዪ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ በዚሁ ምክንያት «41 ሳምንት ሞልቶሻል፣ ምጥ እንዲመጣ መድኃኒት ይሰጥሽ» ተብላ ነበር፤ በትክክል ሲቆጠር 39 ሳምንት ከ4 ቀኗ ነበር። ያዳናት በሦስተኛ ወሯ የተነሳችው አልትራሳውንድ ነው። እስከ 13ኛው ሳምንት መጨረሻ የተነሳ አልትራሳውንድ የእርግዝናን ዕድሜ የሚስተው በሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ከሰባተኛው ወር በኋላ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፤ የተሳሳተ ቀን በዚያ አይታረምም። ቶሎ ተነሺ የምልሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከቤትሽ ሳትወጪ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሪ። በመስከረምና በጥቅምት 10 ቀን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 9፣ በጥር 8፣ በየካቲት 7፣ በመጋቢት 9፣ በሚያዝያና በግንቦት 8፣ በሰኔና በሐምሌ 7፣ በነሐሴ 6 ትጨምሪያለሽ። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን ይታከላል። እኔ የምወደው የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ አያሳስትም። ከዚያ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለአዋላጇ ራስሽ ስጫት፤ በአፍ አትላኪው።

ከመግባትሽ በፊት ውኃ ጠጪ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊኛ ሲሞላ ምስሉ ይጠራል። ሴት ባለሙያ ከፈለግሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። የተገረዝሽና የተሰፋሽ ከሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ በብልት በኩል የሚገባውን መሣሪያ እምቢ ማለት መብትሽ ነው፣ በሆድ ላይም ይነሳል።

ጄሉ ሲጠረግልሽ ወንድ ነው ሴት ብለሽ ብቻ እንዳትወጪ። ስንት ሳምንት ነው? ልቡ ይመታል? አንድ ነው ወይስ መንታ? እንግዴ ልጁ የት ነው የተቀመጠው? በይ። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ከተባልሽ አትደንግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሕፀን ሲያድግ ከፍ ይላል። በ32ኛው ሳምንት ገደማ ግን ደግመሽ መታየት አለብሽ። የሳምንቱን ቁጥር የያዘውን የጽሑፍ ውጤት ተቀበዪ፤ ፎቶው ብቻ አይበቃም። የፎቶው ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ እዚያው ቆመሽ በስልክሽ አንሺው።

አልትራሳውንድ ደም ግፊትና ደም ማነስ አያሳይም። ግፊትሽን በየቀጠሮው አስለኪ፤ ሽንትሽን፣ የደም መጠንሽን፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ተመርመሪ። የደም ዓይነትሽንም እወቂ፤ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆንሽ ሾተላይን የሚከላከል መርፌ አለ።

ደም ካየሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽና ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዓርብም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።