ዲስኩ ታሟል ወይስ ኬብሉ?

በትልልቅ የመረጃ ማከማቻዎች ዲስክ ስህተት ባሳየ ቁጥር ነቅሎ መጣል ምርመራ አይባልም። «ስማርት» የተሰኘውን የዲስኩን የራስ መከታተያ መዝገብ እንመልከት። በመረጃ ዝውውር ወቅት የሚቆጠረው ስህተት ብቻ ከጨመረ በቅድሚያ የምንጠረጥረው ኬብሉን ነው፤ በመጠባበቂያ የሚተኩ ሴክተሮች ከበዙ ግን ሕመሙ የዲስኩ ነው። የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ባካተተ ጥናት፣ ገጹ ሲፈተሽ የመጀመሪያው ስህተት የተገኘበት ዲስክ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ከሌለበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ከተበላሹት ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአራቱ ጠንካራ ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም! ስለዚህ የመዝገቡን ዝምታ የጤንነት ማስረጃ አናደርገውም። የአንድ ዲስክን መጥፋት ብቻ በሚችለው በሬይድ 5 አንዱ ሲሞት የቀሩት ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ ያን ጊዜ ተደብቆ የቆየ ብልሹ ሴክተር ከተገኘ በዚያ ስፍራ ያለውን መረጃ መልሶ መገንባት አይቻልም። ሙሉ ንባቡን ሁሉም ዲስኮች በሕይወት ሳሉ በየጊዜው የምናካሂደው ለዚህ ነው።