የቦረና ኤላና የዓለም አየር

ውኃ የሕይወት መሠረት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በደረቅ አገር ደግሞ ውኃ የሕግም መሠረት ነው። ይህንንም በቦረና ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦረና ቆላ በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከብት አርቢው በበጋ የሚተማመነው ኤላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ነው። ከእነዚህም ስመ ጥር የሆኑት ዘጠኙ ቱላዎች ናቸው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ይቀባበላሉ። ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኀላፊ አለ፤ ከኤላው የሚጠቀሙም ሁሉ በጥርጊያውና በእድሳቱ ይረዳሉ።

ይሁን እንጂ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ስለ ከሸፉ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ላ ኒና ነው፤ ይኸውም የፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገብ ሲቀዘቅዝ የአፍሪካ ቀንድ ዝናም ያንሳል። ሁለተኛው የምድር መሞቅ ነው፤ አየር በሞቀ መጠን ከአፈርና ከሣር እርጥበትን አብዝቶ ይመጥጣል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የወጣ የሊቃውንት ጥናት፤ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረሱን ዕድል 100 ጊዜ ያህል እንዳበዛው ገምቷል።

ሙቀቱን ያመጣው በይበልጥ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 18 ያህሉ የሚኖርባት አፍሪካ የምታወጣው ከመቶ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በግብፅ በሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰቡ መንግሥታት ለተጎዱ አገሮች የሚረዳ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። መዋጮው ግን በፈቃድ ነው።

አንዳንዶች ጥፋቱን በከብት አርቢው ላይ ይጥላሉ። በርግጥ ግጦሽን መጠበቅና ኩሬ መቈፈር የእኛ ፈንታ ነው። ነገር ግን አርቢው ከብቱን ሁሉ ቢሸጥ አየሩን ሊያቀዘቅዘው አይችልም። በቦረና ከኤላው የጠጣ ኤላውን ይጠርጋል፤ በዓለም ግን አየሩን ያሞቀ ሁሉ ዕዳውን እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ክርክር ይህ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን የከርሰ ምድር ውኃ የሚያወጣ መሐንዲስም፤ በጉባኤ ቆሞ ስለ አገሩ የሚከራከር የሕግ ዐዋቂም እንዲወጣ ተግተን እንማር።